የሻጭ ክፍያ፦ ከአምቦ የቅዳሜ ገበያ እስከ ሆላንዱ የጨረታ ሰዓት

ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከክፍል ሥራ ነው። ባለፈው ሴሚስተር መምህራችን «አንድ ገበያ ምረጡና ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ማን ምን እንደሚቆርጥ ጻፉ» ብለውን ነበር። የክፍላችን ልጆች ግማሹ ጤፍ፣ ግማሹ የሞባይል ሱቅ መረጡ። እኔ ግን ትንሽ ልራቀቅ ብዬ በኢንተርኔት የሚካሄዱ ጨረታዎች ከሻጮች የሚቆርጡት ክፍያ ለምን ከዓመት ዓመት እንደሚጨምር ልጽፍ ተነሳሁ። ጓደኞቼ ሳቁብኝ። «አምቦ ቁጭ ብሎ በኢንተርኔት ጨረታ የሚሸጥ ማን አለና ነው?» አሉኝ። እውነት ለመናገር እኔም መልስ አልነበረኝም።

መልሱን ያገኘሁት ገናን ለማክበር ሆለታ ከምትኖረው ታላቅ እህቴ ዘንድ በሄድኩ ጊዜ ነው። እህቴ በአንድ የአበባ እርሻ ውስጥ ጽጌረዳ በቁመት እየለየች ታስራለች። እሷ ዛሬ ያሰረችው አበባ ሌሊቱን ቦሌ ይደርሳል፣ በአውሮፕላን አውሮፓ ይገባል፣ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላም ሆላንድ አገር በጨረታ ይሸጣል። የጨረታው ገዢዎች ደግሞ አብዛኞቹ ዛሬ አዳራሹ ውስጥ የሉም፤ በየቢሮአቸው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠው ነው የሚጫረቱት። ለካ ስፈልገው የነበረው የኢንተርኔት ጨረታ እዚሁ በእኛ መንገድ ላይ፣ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነበር!

ይሁን እንጂ ወደ አበባው ከመሄዳችን በፊት እስቲ በምናውቀው እንጀምር።

የአባቴ በሬ

አምና በጥር ወር አባቴ አንድ በሬ ሊሸጥ አምቦ ቅዳሜ ገበያ ወጣ፤ እኔም ተከተልኩት። የከብት ተራው እንዴት እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ዋጋ አይነጋገሩም ማለት ይቻላል፤ መሐላቸው ደላላው አለ። ደላላው የአባቴን እጅ ይይዛል፣ የገዢውን እጅ ይይዛል፣ ሁለቱን ሊያጋጭ ይታገላል። «ኦቦ፣ በቃ እጅ ይስጡ! ከዚህ በላይ አይገኝም!» ይላል። ዋጋው ሊያልቅ አንድ ሐሙስ ሲቀረው የራሱን ሒሳብ አነሳ። ከዚያ በፊት ለአንድ በሬ 300 ብር ይቀበል የነበረው ሰውዬ አሁን 1000 ብር ካልሆነ አለ። ምክንያቱን ሲጠየቅ «ዘንድሮ ያልጨመረ ምን አለ?» ብሎ መለሰ።

አባቴ ብዙም አልተከራከረም። ገመዱን ጠቀለለና በሬውን ነድቶ ወደ ጉደር አቅጣጫ ተመለሰ። ሁለት ሰዓት በእግር ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ወጥቶ በሌላ ደላላ በኩል፣ በድሮው ክፍያ ሸጠ። በእርግጥ በመካከሉ በሬው የሳምንት ጭድ በልቷል፤ እኛም አንድ ቀን ሥራ ፈትተናል። ስለዚህ መመለሱ በነፃ አልነበረም። ነገር ግን መመለስ ይቻል ነበር።

ይህን የምጽፈው ደላላን ለመስደብ አይደለም። በእኛ አገር «ደላላ» የሚለው ቃል ከነአካቴው ስድብ ሆኖ ቀርቷል፤ ጋዜጠኞችም ዋጋ በጨመረ ቁጥር «ሕገወጥ ደላሎች» ብለን እንገላገላለን። ደላላነት ግን በሕግ የታወቀ ሙያ ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ተዋዋዮችን ፈልጎ የሚያገናኝ ሰውን ራሱን እንደቻለ ነጋዴ አድርጎ አስፍሮት ነበር። የአምቦው ደላላም ሥራ አለው። ገዢ ማን እንደሆነ ያውቃል፤ በሬው የተሰረቀ ከሆነም ሰው የሚይዘው እሱን ነው። ጥያቄው ክፍያ ለምን ኖረ አይደለም። ክፍያው ሲጨምር ሻጩ ምን ማድረግ ይችላል ነው።

ኢቤይ ከነፃ ወደ 13 በመቶ

አሁን ወደ ኢንተርኔቱ። የጨረታ ድረ ገጽ ሲባል በዓለም ላይ መጀመሪያ የሚነሳው ኢቤይ ነው። ፒየር ኦሚድያር የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1995 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ሲጀምረው ኦክሽንዌብ ይባል ነበር። አገልግሎቱም በነፃ ነበር። መጀመሪያ ከተሸጡት ዕቃዎች አንዱ የተበላሸ የሌዘር መጠቆሚያ ሲሆን 14 ዶላር ከ83 ሳንቲም አወጣ ይባላል። የተበላሸ መሆኑን ገዢው ያውቅ ነበር፤ የተበላሸ ነው የምሰበስበው አለ። (እኛም አገር «ቁራሌው» አለ እኮ!) ከጥቂት ወራት በኋላ ኦሚድያር ለኢንተርኔት አገልግሎቱ የሚከፍለው ገንዘብ ሲጨምርበት ከሻጮች ትንሽ ትንሽ መሰብሰብ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ክፍያው አልቆመም።

የኢቤይ የሻጭ ክፍያ ለረጅም ጊዜ ሁለት መልክ ነበረው። አንደኛው ዕቃውን ለመደርደር የሚከፈል ነው፤ ተሸጠም አልተሸጠም ይከፈላል። ሁለተኛው ዕቃው ከተሸጠ በኋላ ከዋጋው በመቶኛ የሚቆረጥ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2008 ኩባንያው የመደርደሪያውን ቀንሼላችኋለሁ ብሎ አወጀ፤ ሻጮች አጨበጨቡ ማለት ነው። ወዲያው ግን የመጨረሻው ዋጋ መቶኛ ለመጀመሪያዎቹ 25 ዶላሮች ከ5.25 ወደ 8.75 ከፍ ማለቱን አዩ። በዚሁ ዓመት ከየካቲት 18 እስከ 25 ብዙ ሻጮች ዕቃቸውን ከገበያው አንስተው አድማ መቱ። ኢቤይ ግን ክፍያውን አልመለሰም። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ መቶኛው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ ሳይሆን በመላኪያው ሒሳብ ላይም እንዲቆረጥ ተደረገ። ዛሬ በአሜሪካ ሱቅ የሌለው ሻጭ በአብዛኛው የዕቃ ዓይነት ላይ ከ13 በመቶ በላይ ይከፍላል። እዚህ ላይ ሚዛናዊ ለመሆን፣ የዛሬው መቶኛ ድሮ ለብቻው ይከፈል የነበረውን የገንዘብ ማስተላለፊያ ክፍያም በውስጡ ይዟል። ቢሆንም ጭማሪው ጭማሪ ነው።

አድማው ለምን አልሠራም? ሻጮቹ ዕቃቸውን ይዘው የሚሄዱበት ሌላ እንደ ኢቤይ ያለ ሰው የሚበዛበት ገበያ በጊዜው ስላልነበረ ነው። ገዢ ሁሉ ያለው እዚያ ነው፤ ሻጭ ወደ ገዢ ይሄዳል። አምቦ ውስጥ አንድ ደላላ ብቻ ቢኖር ኖሮ አባቴም 1000 ብሩን ይከፍል ነበር።

ይህን የሚያረጋግጥ ተቃራኒ ታሪክ አለ። ከጊዜ በኋላ በአውሮፓ ቪንትድ የሚባል የአሮጌ ልብስ መሸጫ ተስፋፋ፤ ከሻጭ ምንም አይቆርጥም፤ የሚያስከፍለው ገዢውን ነው። ሻጮች ወደዚያ መጉረፍ ሲጀምሩ ኢቤይ እ.ኤ.አ. በ2023 በጀርመን፣ በጥቅምት 2024 ደግሞ በእንግሊዝ ነጋዴ ያልሆኑ ሻጮችን ክፍያ ሰረዘ። በ2025 መጀመሪያ ላይ እንግሊዝ ውስጥ ክፍያውን በገዢው በኩል አመጣው። ያ ሁሉ የሻጮች ጩኸት ያላስመለሰውን ክፍያ አንድ ሌላ ገበያ አስመለሰው።

ወደ ታች የሚቆጥረው ሰዓት

እንግዲህ ወደ እህቴ ጽጌረዳ እንመለስ።

የኢትዮጵያ የአበባ ልማት የተስፋፋው በ1990ዎቹ ዓ.ም ነው። መንግሥት ለባለሀብቶች መሬትና ከልማት ባንክ ብድር አመቻቸ፤ የግብር እፎይታም ሰጠ። ዛሬ አገራችን ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ ናት። በ2014 በጀት ዓመት ከአበባ የተገኘው ገቢ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ሆለታና አዲስ ዓለም አካባቢ ያሉት እርሻዎች በደጋ አየር ላይ ስለሆኑ ጽጌረዳው ቀስ ብሎ ያድጋል፤ አናቱ ትልቅ፣ ዘንጉ ረጅም ይሆናል። ቆላ ላይ የሚበቅለው ቶሎ ይደርሳል፤ አናቱ ግን ያንሳል። ስለዚህ የእኛ አካባቢ አበባ ዋጋ የሚያወጣ አበባ ነው።

ከእርሻዎቹ ምርት አንዱ ክፍል በቀጥታ ለሱፐርማርኬቶችና ለጅምላ ነጋዴዎች በተቆረጠ ዋጋ ይሸጣል። ሌላው ክፍል የሚሄደው ግን አልስሜር ወደሚባል ከተማ፣ ሮያል ፍሎራሆላንድ ወደተባለው የጨረታ ድርጅት ነው። ይህ ድርጅት የግለሰብ ኩባንያ አይደለም፤ የአብቃዮች የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ታሪኩ በጣም ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ1911 የአልስሜር አበባ አብቃዮች የመሐል ነጋዴዎች ዋጋ እየወሰኑባቸው ስላስቸገሩ «ለምን ራሳችን አንሸጥም» ብለው ጨረታ ጀመሩ። በቀጣዩ ዓመት በዚያው ከተማ ሁለተኛ የጨረታ ማኅበር ተቋቋመ። ሁለቱ በ1968 ተዋሐዱ፤ የአልስሜሩ ጨረታ ደግሞ በ2008 ከፍሎራሆላንድ ጋር አንድ ሆነ። ከደላላ ለማምለጥ የተሠራ ቤት ማለት ነው። በ2021 በዚህ ቤት ያለፈው ሽያጭ 5.6 ቢሊዮን ዩሮ ደርሶ ነበር።

ጨረታው እኛ ከምናውቀው ሐራጅ ተቃራኒ ነው። በእኛ ሐራጅ አንዱ 10 ሺህ ይላል፣ ሌላው 11፣ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። በሆላንዱ ግን ክብ ሰዓት አለ። ነጥቧ ከከፍተኛ ዋጋ ተነስታ ወደ ታች ትሮጣለች። ቀድሞ ቁልፉን የተጫነ ገዢ ያቆማታል፤ ነጥቧ በቆመችበት ዋጋ ይገዛል። አንዱ ሽያጭ የሚያልቀው በጥቂት ሴኮንድ ነው። ገዢው ከዘገየ ሌላው ይቀድመዋል፣ ከቸኮለ ደግሞ በውድ ይገዛል። ዋጋው በጣም ወርዶ ከዝቅተኛው ወለል በታች ከደረሰ አበባው አይሸጥም፤ ይወገዳል። ልብ በሉ፣ ይወገዳል ነው ያልኩት። ከሆለታ ድረስ በአውሮፕላን ሄዶ ቆሻሻ ይሆናል።

ታዲያ ክፍያዎቹ ስንት ዓይነት ናቸው? አባቴ የከፈለው አንድ ነበር። አበባው ላይ ያለው ግን ዝርዝር ነው። ከሽያጩ በመቶኛ የሚቆረጥ ኮሚሽን አለ፤ አባል ላልሆነ አብቃይ ከአባሉ ይበልጣል። የአባልነት መዋጮ አለ። አበባው የሚቆምበት ባልዲ ይከራያል፤ ባልዲው የሚደረደርበት ጋሪ ይከራያል። ከእኛ አገር የሚሄደው አበባ ደግሞ ውኃ ሳይነካው በካርቶን ታሽጎ ስለሆነ እዚያ የሚፈታ፣ ዘንጉን ቆርጦ ውኃ ውስጥ የሚያቆም ድርጅት ያስፈልገዋል፤ እሱም ያስከፍላል። የአውሮፕላኑ ኪራይ ከዚህ ሁሉ ውጪ ነው።

አንዳንዱ ክፍያ በመቶኛ ነው፤ አንዳንዱ ግን በቁጥር፣ ማለትም በጋሪ ወይም በባልዲ ነው። ይህ ልዩነት ቀላል እንዳይመስላችሁ። በመቶኛ የሚቆረጥ ክፍያ ዋጋ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል። በጋሪ የሚከፈለው ግን ጽጌረዳው በውድም ተሸጠ በርካሽ ያው ነው። ስለዚህ ገበያው የቀዘቀዘ ቀን፣ ክረምት ላይ አውሮፓውያን የራሳቸው አትክልት ስፍራ ባበበ ጊዜ፣ ክፍያው ከዋጋው ውስጥ የሚይዘው ድርሻ ያብጣል። ትንሽ ምርት ያለውም እርሻ ግማሽ ጋሪ ጭኖ የሙሉ ጋሪ ኪራይ ይከፍላል።

ክፍያው ለምን ይጨምራል ብዬ ሳጠና ያገኘሁት ነገር ከስግብግብነት ይልቅ ከሒሳብ ጋር ይያያዛል። የጨረታው ሕንፃ በዓለም ላይ በወለል ስፋታቸው ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። ጋሪ ጎታቹ፣ ማቀዝቀዣው፣ መብራቱ ሁሉ ሽያጩ በዛም አነሰም ወጪ አለው። ቀስ በቀስ ግን ትልልቆቹ እርሻዎችና ሱፐርማርኬቶች በቀጥታ መገበያየት ጀመሩ፤ ዛሬ በፍሎራሆላንድ ከሚያልፈው ሽያጭ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በሰዓቱ በኩል አይደለም። ሰዓቱ ላይ የቀሩት ጥቂቶች ያንኑ ትልቅ ቤት ይሸከማሉ። ክፍያ ሲጨምር ደግሞ ሌሎች ይወጣሉ፤ ሲወጡ ለቀሩት ይጨምራል። የ2022ቱ የአውሮፓ የኃይልና የደመወዝ ውድነትም በቀጣዩ ዓመት ክፍያ ላይ ታይቷል።

ጨረታውን የሚደግፍ አንድ ትልቅ ነገር ግን ሳልጠቅስ ባልፍ ዘገባዬ ጎዶሎ ይሆናል። ሰዓቱ ላይ የሸጠ አብቃይ ገንዘቡን በእርግጠኝነት፣ ያውም ቶሎ ያገኛል። ገዢው ሳይከፍል ቢቀር ዕዳው የጨረታው ቤት ነው። በቀጥታ የሸጠ ሰው ግን አበባው ከሄደ በኋላ ሰውየውን በስልክ ሲያሳድድ ሊከርም ይችላል። አበባ እንደ በሬ ሄደህ አትነጥቀውም፤ ገዢው ጋ ሆኖ ደርቋል። ስለዚህ ኮሚሽኑ የዋስትና ዋጋም ነው።

አማራጭ ገበያ ተሞክሮ አያውቅም ወይ? ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1994 የሆላንድ ጨረታዎች ከውጭ በሚገባ አበባ ላይ ገደብ ሲጥሉ፣ የምሥራቅ አፍሪካን አበባ የሚያስገቡ ነጋዴዎች በ1995 ቴሌ ፍላወር ኦክሽን የሚባል የራሳቸውን ጨረታ ከፈቱ። እዚያ አበባው በገዢው ፊት አያልፍም ነበር፤ ገዢው በስክሪን ብቻ እያየ ነበር የሚገዛው። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያደርገውን ማለት ነው፤ ያኔ ኢቤይም ገና መወለዱ ነበር። ኋላ ግን ይህም ድርጅት ተገዝቶ ወደ ፍሎራሆላንድ ገባ።

ሁለት ሳንቲም

አሁን አንድ ሒሳብ ልሥራ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የፈጠርኳቸው እንጂ የማንም እርሻ መዝገብ አይደሉም። አንድ ዘንግ ጽጌረዳ 20 የዩሮ ሳንቲም ተሸጠ እንበል። አውሮፕላኑ 7 ሳንቲም ወሰደ፤ የመፍቻና የጨረታ ክፍያ 3 ወሰደ፤ ደመወዙ፣ ማዳበሪያው፣ ፕላስቲኩ፣ ለዝርያው ባለቤት የሚከፈለው ሮያልቲ ተደምሮ 8 ሆነ። የቀረው 2 ሳንቲም ነው። የጨረታው ክፍያ ከ3 ወደ 4 ቢያድግ ምን ይሆናል? ከሆላንድ ሆኖ ለሚያየው ሰው ከ20 ሳንቲም ላይ አንድ ሳንቲም፣ አምስት በመቶ ብቻ ነው። ሆለታ ላለው ግን የትርፉ ግማሽ ሄደ። ጋዜጠኞች «ክፍያው በአምስት በመቶ ጨመረ» ብለን ከመጻፋችን በፊት የምን አምስት በመቶ እንደሆነ ብንጠይቅ ጥሩ ነው። ከዋጋው ነው? ከድሮው ክፍያ ነው? ወይስ ከተራፊው?

ሻጩ ታዲያ አበባውን ይዞ አይመለስም ወይ? እንዴት አድርጎ! የተቆረጠ ጽጌረዳ ዕድሜው በቀን ነው የሚቆጠረው። አውሮፕላን ላይ ሲወጣ መከራከሪያውን ትቶ ነው የሚወጣው። የኢቤይ ሻጭ የድሮ ማስታወቂያ ወይም ሰሃን ቢሆን ዕቃው መደርደሪያ ላይ ዓመት ይቆይለታል። የአባቴ በሬ ሳምንት ይቆያል። የጊንጪ ገበሬ ጤፉን ጎተራ ውስጥ ከርሞ እስኪወደድ ሊጠብቅ ይችላል፤ ጤፍ ነቀዝ እንኳን አይደፍረውም። የጀልዱ ድንች አምራች መሐል ላይ ነው። ብልሆቹ ድንቹን ከመሬት ሳያወጡ ያቆዩታል፤ ካወጡትና መኪናው ላይ ከጫኑት በኋላ ግን አዲስ አበባ ያለው ደላላ ያሻውን ቢል ድንቹን ይዞ ወደ ጀልዱ የሚመለስ የለም።

ቡናም ቢሆን የተሻለ ዕድል አለው። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ይካሄድ የነበረው የቡና ጨረታ በ2001 ዓ.ም ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ተዛወረ፤ ምርት ገበያውም እ.ኤ.አ. በ2015 ከእጅ ምልክትና ጩኸት ወደ ኮምፒውተር ግብይት ገባ። እዚያም ክፍያ አለ፤ ሻጩም በአብዛኛው የሚሸጠው ወንበር ባለው አባል በኩል ነው። ግን ቡናው መጋዘን ውስጥ ደረሰኝ ይዞ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 በካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የኢንተርኔት ጨረታ ላይ አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና በፓውንድ 185 ዶላር ከ10 ሳንቲም ሲሸጥ ገዢዎቹ ናሙናውን አስቀድመው ቀምሰው፣ ተዘጋጅተው፣ እየተሻሙ ነበር። ጽጌረዳን እንዲህ ተረጋግቶ የሚጠብቅ የለም።

ከሱፐርቫይዘሩ ጋር

እህቴ ከምትሠራበት ሳይሆን ከሌላ እርሻ፣ ስሙ እንዲጠቀስ ያልፈለገ አንድ ሱፐርቫይዘር አነጋግሬ ነበር። ሆለታ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን «ሠራተኛው ደመወዝ ጨምሩ ይላል፤ እኛ ደግሞ ሆላንድ ጨመረብን እንላለን» አለኝ። ወረቀቱን እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት። «እሱን እኔም አላየሁት፤ ፋይናንስ ነው የሚያውቀው» አለ።

ይህን ቃል እንዳለ ባምን ኖሮ ጽሑፌ እዚህ ጋ ያበቃ ነበር፤ ርዕሱም «የሆላንድ ክፍያ የሆለታን ደመወዝ በላ» ይሆን ነበር። ግን አንድ ነገር አልጣጣም አለኝ። የጨረታው ክፍያ በዩሮ ነው፤ ሽያጩም በዩሮ ነው። የእህቴ ደመወዝ ግን በብር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዩሮ የሚያመጣው ብር ከእጥፍ በላይ አድጓል። ማለትም ያቺ የቀረችው ሁለት ሳንቲም፣ አንድም ብትሆን፣ በብር ስትመነዘር ከድሮው ትበልጣለች። በሌላ በኩል ማዳበሪያውም፣ ፕላስቲኩም፣ ካርቶኑም በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ጨረታው ጨመረ ማለት እውነት ሆኖ ሳለ ደመወዝ ላለመጨመር ሙሉ ምክንያት ላይሆን ይችላል። አገራችን ለግል ድርጅት ሠራተኞች ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የላትም። ሆላንድ ያለው ሰዓት ለአበባው እንኳን ወለል አለው! ከዚያ በታች አይሸጥም።

በእኔ አስተያየት ክፍያ ሲጨምር ሸክሙ የሚንሸራተተው መመለስ ወደማይችለው ሰው ነው። የጨረታው ቤት ወደ እርሻው ይገፋዋል፤ እርሻው ካርቶኑን ይዞ መመለስ ስለማይችል ይቀበላል፤ እሱም በተራው የሚገፋው ካለው ይገፋል። እህቴ እርሻውን ትታ ወደ ሌላ ልሂድ ብትል በዚያው መንገድ ላይ ያለው ሌላ እርሻ የሚከፍላት ያው ነው። ባለፈው ዓመት ቦነስ ቀርቶባቸዋል። ምክንያቱ ሲጠየቅ የተሰጣቸው መልስ ሁለት ቃል ነበር፦ «ዋጋ ወረደ።» የየትኛው ዋጋ፣ ከስንት ወደ ስንት፣ በየትኛው ወር? የጠየቀ አልነበረም። የካቲት ላይ የፍቅረኞች ቀን ሲደርስ እስከ ማታ ያሠሩበት ወር ዋጋው ወርዶ ነበር ወይ? እኔ በበኩሌ ይህ ጥያቄ ለማንኛውም የአካባቢያችን ዘጋቢ ጥሩ የመጀመሪያ ሥራ ይመስለኛል።

ከመመለሴ በፊት ባለው ማታ እህቴን የሆላንዱን ሰዓት በስልኬ ቪዲዮ አሳየኋት። ለስድስት ዓመት አበባ ስታስር አንድም ቀን አይታው አታውቅም ነበር። ነጥቧ ከላይ ተነስታ ስትሮጥ፣ ስትቆም፣ እንደገና ከላይ ስትነሳ ዝም ብላ አየች። እኔ ስለ ኮሚሽኑ፣ ስለ ጋሪው፣ ስለ ባልዲው ሳስረዳት አልሰማችኝም መሰለኝ።

«ማነው የሚያወርደው?» አለችኝ።

«ማንም። አንዱ ገዢ እስኪነካው ራሱ ነው የሚወርደው።»

«አባባ ከዚህ ሰዓት ጋር እንዴት ይከራከር ነበር?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ስልኩን መለሰችልኝና ሻርፗን አዘጋጅታ ተኛች። የሠራተኞቹ አውቶቡስ የሚመጣው ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ነው።